«ኮምፕሬሽን የለውም» ስላሏችሁ ብቻ ሞተር አታስፈቱ

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ የቤንዚን መኪና ይዛችሁ ጋራዥ የምትገቡ ሰዎች፣ ይህን አንብባችሁ ግቡ። «ሙሉ ሞተር በጥቅል ዋጋ» የሚባል ውል አለ። ግማሹን ቀብድ ትሰጣላችሁ፣ ሞተሩ ይወርዳል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚን (የክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ማረፊያ) እና ጓርኒሲዮን (ከቴስታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ይቀየራል፣ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ይላካል። ሲሰሙት ርካሽ ነው። ግን ሞተሩ በእርግጥ መታመሙን ማን አረጋገጠ?

የኔ መኪና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ኮሮላ ነው፣ ባለ 4ኤ ሞተር። ክረምቱ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ያንገጫግጨኝ ጀመር፤ የቤዛዊትን ዳገት እያቃሰተ ነው የሚወጣው፣ ቤንዚንም ይጠጣል። ጋራዡ ውስጥ አንድ ወጣት ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አወጣና በቀዳዳቸው የግፊት መለኪያ ጌጅ እየሰካ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አስመታ። ኮምፕሬሽን የሚሉት ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን ሲያምቀው የሚፈጠረውን ግፊት ነው። አራቱም ሲሊንደሮች ከ130 እስከ 135 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አነበቡ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የቶዮታን ሰንጠረዥ አሳየኝ፦ ደህና ሞተር 191፣ ዝቅተኛው 142። «ይኸው ጋሼ፣ ከዝቅተኛውም በታች ነው። ፋሻው አልቋል። ዛሬ ቀብድ ካስያዙ በድሮው ዋጋ እንጨርስልዎታለን፤ ነገ ግን ዕቃ ይጨምራል።»

ሰንጠረዡ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነውና ጅቡቲ ወደብ ላይ 191 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር ጣና ዳር 155 አካባቢ ቢያነብ አይገርምም። የኔን 130 በዚሁ ሒሳብ ወደ ባሕር ወለል ስትመልሱት 160 ገደማ ይሆናል። ለዕድሜው ምን ይወጣለታል? ደብረ ታቦር ወጥታችሁ ብትለኩት ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን ያው ነው። ወጣቱ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ይሁን እያወቀ፣ ለኔ ኪስ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ለዚህ ሞተር ቶዮታ የሚፈቅደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ያህል ነው። ሦስቱ 135 ብለው አንዱ 90 ካለ፣ አዎ፣ ችግር አለ። ያን ጊዜም ቢሆን ከመፈታቱ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ በሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካ። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። ሲለካ ሞተሩ የሞቀ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ የወጡ፣ ባትሪው ጠንካራ፣ የቤንዚን ፔዳሉም እስከ ታች የተረገጠ መሆን አለበት። የኔ ሲለካ ፔዳሉን የረገጠው ሰው አልነበረም፤ ይህ ብቻውን ንባቡን ያወርዳል።

ታዲያ ያንገጫግጭ የነበረው ምንድን ነው? የካንዴላ ኬብል! ሌላ ጋራዥ ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሞተሩን አስነስቶ፣ እጁን በጎማ ጓንት ሸፍኖ፣ ኬብሎቹን ተራ በተራ ነቀለ። ሌሎቹ ሲነቀሉ ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ሦስተኛው ሲነቀል ድምፁ ምንም አልተለወጠም። ያ ሲሊንደር ድሮውንም እየሠራ አልነበረም፣ የገባለት ቤንዚንም ሳይነድ በማርሚታ ይወጣል። በቴስተር ሲለካው፣ ለአንድ ኬብል የሚፈቀደው እስከ 25 ኪሎ ኦም ሆኖ ሳለ ያኛው ጭራሽ አላነበበም። ሲመሽ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ውሃ ረጨበት፤ ሰማያዊ ብልጭታ ከኬብሉ ወደ ቴስታው ሲዘል በዓይኔ አየሁ። የሐይቁ ዳር የክረምት ጠዋት እርጥበት የሚያብሰውም ለዚህ ነው። ኬብልና ካንዴላ ተቀየረ፤ የከፈልኩት ከተጠየቅሁት ቀብድ አጠገብ እንኳ አይደርስም።

ጎረቤቴ ግን ቀብዱን ሰጥቷል። ሞተሩ ከተፈታ በኋላ «ክራንክ ሻፍቱም ቶርኖ ቤት መግባት አለበት» ተብሎ ተጨማሪ ተጠየቀ። ምን ያድርግ? ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ወደ ሌላ ጋራዥ አይነዳ ነገር። የወጣውን ፋሻ አሳዩኝ ሲል ተጥሏል አሉት።

ለምርመራው ክፈሉ፣ ተገቢ ነው። ከዚያ ውጤቱን በወረቀት ይዛችሁ መውጣት መብታችሁ ነው፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አማራጭ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ ማንም እንዲገዛ አይገደድም ይላል። የእውነት መፈታት ያለበት ሞተር አለ፤ ሰማያዊ ጭስ እያወጣ በየጊዜው ዘይት የሚጎድልበት ለምሳሌ። እንዲያ ከሆነ ውሉ ላይ የሚቀየረው ዕቃ አንድ በአንድ ከነስሪቱ ይጻፍ፣ የወጣው ዕቃ በእጃችሁ እንዲመለስ፣ ከተገጠመ በኋላም ኮምፕሬሽኑ እናንተ ፊት እንዲለካ ይጨመርበት። በዚህ የማይስማማ ጋራዥ ቀብድ አይገባውም።

የጋራዡን ስም በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ፣ አልነግርም። ይህን ውል የሚያቀርበው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም።