ቼክ ኢንጂን ለበራባችሁ የድሬ ሰዎች፦ ይህን ባለሙያ እወቁልኝ

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። ሳቢያን የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። «ስሜን እንዳትጽፍ» ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። ሥራውን አትናገር ግን አላለኝም።

ቶዮታ ያሪሴ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ቼክ ኢንጂን (የሞተር ብልሽት ማስጠንቀቂያ መብራቷን) አበራች። ከዚያ ወዲህ ቆማ ስትሠራ ሞተሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አንብቦ አጠፋው፤ በማግስቱ መብራቱ ተመልሶ በራ። ከዚያ «ኦክስጅን ሴንሰሯ ሞቷል፣ ይቀየር» ተባልኩ። የነገሩኝን ዋጋ ተዉት።

ይሄኛው ልጅ ማሽን ከመሰካቱ በፊት ጠየቀኝ። መቼ በራ? ሞተሩ ሲሞቅ ነው የሚብሰው ወይስ ሲቀዘቅዝ? ቤንዚን ከየት ቀዳህ? ከዚያ ከመሪው ሥር ባለችው ሶኬት ላይ ሰካና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው፦ ፒ0171። «ፒ» ሞተርና ማርሽ ነው። ዜሮው ኮዱ የሁሉም አምራቾች የጋራ ኮድ መሆኑን፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ደግሞ ጉዳዩ የአየርና የነዳጅ መሆኑን ያሳያል። ባጭሩ አየሩ በዝቷል ወይም ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። «ታዲያ ሴንሰር ቀይር የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለኝ እየሳቀ።

እውነትም የለም። ኮድ እንደ ትኩሳት ነው፤ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይናገርም። ሴንሰሩማ ሥራውን ነበር የሠራው። ጭሱ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን አገኘ፣ ለኮምፒውተሩ ነገረ። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ጨመረ፣ ጨመረ፣ አልሆን ሲለው መብራቱን አበራ። ጥፋተኛው የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል።

የለየበት መንገድ ነው የገረመኝ። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ ቆማ ስትሠራ፣ ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ቤንዚን 24 ፐርሰንት ገደማ ነበር። ነዳጅ ሰጥቶ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ሲያቆየው ወደ 6 ወረደ። ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ ይብስበት ነበር እንጂ አይሻለውም። ስለዚህ የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ኮፈኑን ከፍቶ አየር ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ጋር የተያያዘች ቀጭን የጎማ ቱቦ በፒንሳ ቆንጠጥ ሲያደርጋት መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ሲለቃት ተመለሰ። ነቅሎ ሲያጥፋት ከሥሯ በኩል አንድ ሳንቲሜትር የምትሆን ስንጥቅ ወለል ብላ ታየች። ጎማው ደርቆ ነበር። የሞተር ሙቀት ላይ የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ምን ይቀራል አቦ!

የከፈልኩት የምርመራውንና የቱቦዋን ብቻ ነው። ሴንሰሩ የድሮው ነው። ሐረር ደርሼ ተመልሻለሁ፣ መብራቱ አልበራም።

ሳልጠይቀው የነገረኝም አለ። መብራቱ ሳይርገበገብ ከበራ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ ድረስ መንዳት ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ዳር ያዙ። አንዱ ሲሊንደር በደንብ እየተኮሰ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያቃጥለዋል። ያኔ ከካንዴላና ከኮይል ዋጋ ወደ ካታሊስት ዋጋ ትሸጋገራላችሁ።

እንከን አለው ካላችሁኝ፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ወረፋም አለ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ድሬን ታውቋታላችሁ፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ኮዱን በማንም አታስጠፉ። መብራቱ ሲበራ የነበረው የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት አብሮ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ኮዱ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፤ ልጁ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።