የግራፊን ዱቄት ወይስ ፋይበር ግላስ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ አምስት ሰው ደውሎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ግራፊን የሚባል ጥቁር ዱቄት መጥቷል አሉ። ኢፖክሲ ውስጥ ልጨምረው ወይስ በድሮው ፋይበር ግላስ ልቀጥል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ፋይበር ግላስ ግዙ። (ፋይበር ግላስ ማለት በሬዚን የሚነከር የመስታወት ክር ነው። ሬዚን ደግሞ ፈሳሽ ሆኖ መጥቶ የሚደርቅ ሙጫ ነው፤ ኢፖክሲና ፖሊስተር ዓይነቶቹ ናቸው።) ደረቁን የግራፊን ዱቄት ተዉት። እኔ ይህን ለማወቅ 14,000 ብር ከፍያለሁ።

ወርክሾፔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። የተሰበረ ፓራውልት፣ የሚያፈስ የውሃ ታንከር፣ የሞተር ሳይክል ዕቃ መጫኛ ሳጥን እንሠራለን። አንድ ቀን ሬዚን ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ልጅ ከመደርደሪያ ሥር አንዲት የታሸገች ላስቲክ አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ከብረት 200 እጥፍ ይጠነክራል። ለአንድ ኪሎ ኢፖክሲ አንድ ግራም ይበቃዎታል» አለኝ። ማስረጃም አሳየኝ። ዱቄቱን ክዳን ላይ ጠቅጠቅ አደረገና የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ወጋበት። ቴስተሩ ጮኸ። «አዩ? ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኦሪጅናል ነው።» አመንኩት። 100 ግራም በ14,000 ብር። ግራሙ በ140 ብር ሂሳብ መሆኑ ነው።

የቴስተሩ ነገር ምንም እንደማያረጋግጥ የገባኝ ቆይቶ ነው። የልጆቻችሁን እርሳስ በሁለቱም በኩል ቅረጹና ጫፍና ጫፉን በቴስተር ንኩት። እሱም ያስተላልፋል። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ያ ንጣፍ ሺህ በሺህ ተደራርቦ ማለት ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም እጅ ያጠቁራሉ፣ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። በዋጋ ግን አይገናኙም።

ዱቄቱን የመጀመሪያ የሞከርኩት በአንድ የድሮ ደንበኛዬ ሚኒባስ ፓራውልት ላይ ነው። ኢፖክሲውን በሚዛን ለካሁ። ዱቄቱን ጨመርኩ። ድሪል ላይ መቀላቀያ አስሬ ሃያ ደቂቃ አዞርኩት። ሲታይ ያምራል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሰውዬው ተመለሰ። «ወንድሜ፣ ከብረት ይበልጣል ያልከኝ ይሄ ነው?» ስንጥቁ ልክ እኔ በሠራሁበት ቦታ ላይ ነበር። ቆርጬ ሳወጣው ስብራቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቁር እብጠቶች ተቀምጠዋል። በጥድፊያ የተሠራ ሽሮ እንደሚጓጉል፣ ዱቄቱም ጓጉሎ ነበር። ስንጥቁ የጀመረው ከአንዱ ጉጉል ነው። በነጻ ደግሜ ሠራሁለት።

ከዚያ በኋላ በግምት መሥራት ተውኩ። ሁለት ሴንቲ ስፋት፣ ሦስት ሚሊ ውፍረት ያላቸው ሦስት ዘንጎች አወጣሁ። አንዱ ባዶ ኢፖክሲ፣ አንዱ ዱቄት ያለበት ኢፖክሲ፣ አንዱ በፖሊስተር ሬዚን የተሠራ ፋይበር ግላስ። ሁለት በርጩማ መሃል አጋድሜ ባልዲ ሰቀልኩባቸው። ውሃውን በሊትር እየለካሁ ሞላሁ። ዱቄት ያለበት በአምስተኛው ሊትር ቀጭ አለ። ባዶው እስከ ሰባት ሄደ። የፋይበር ግላሱ አሥር ሊትር ሞልቶ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም።

ታዲያ ግራፊን ውሸት ነው? በፍጹም አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ2004 (የጥናቶቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በፕላስተር ከግራፋይት ላይ እየላጡ ነጠላውን ንጣፍ ለዩት። በ2010 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። በ2008 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲለካ ጥንካሬው 130 ጊጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን እንከን የሌለበት አንድ ንጣፍ ነው። ለእናንተ የሚሸጠው ዱቄት እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ የሆነ፣ ብዙ ንጣፍ የተደራረበበት ቅንጣት ነው። ንጣፎቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። እርሳስ ወረቀት ላይ የሚጽፈውም በዚሁ ጠባይ ነው።

ቅርፊቶቹ ተለያይተው ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ከተበተኑ ሥራ ይሠራሉ። በ2009 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ከክብደቱ 0.1 ከመቶ ብቻ ግራፊን የገባበት ኢፖክሲ ሲጎተት ያለመበጠስ ጥንካሬው በ40 ከመቶ ጨምሯል። ስንጥቅ የመቋቋም አቅሙ ደግሞ በ53 ከመቶ። ልጁ «አንድ ግራም ለአንድ ኪሎ» ያለኝ ሂሳብ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ያልነገረኝ፣ እንደዚያ ለመበተን በድምፅ ሞገድ የሚያንቀጠቅጥ የላቦራቶሪ መሣሪያ ወይም ሦስት ሲሊንደር ያለው መፍጫ እንደሚያስፈልግ ነው። በድሪል አይሆንም። ዱቄቱን ብታበዙበት ደግሞ ይብሳል፤ ሬዚኑ ይወፍራል፣ አረፋ ይይዛል።

እሱም ዱቄቱ እውነተኛ ከሆነ ነው። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከ60 አምራቾች የተገዛ ግራፊን መርምሯል። በአብዛኛው ውስጥ እውነተኛው ግራፊን 10 ከመቶ አይሞላም። ከ50 ከመቶ በላይ ያለበት አንድም አልተገኘም። ቀሪው ያው ግራፋይት ነው። አምራቹ ጋ እንዲህ ከሆነ በሦስትና በአራት እጅ ዞሮ መርካቶ የደረሰውን አስቡት።

አሁን ወደ ዋጋ። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የሬዚን ዋጋ ስለማይረጋ የራሴን የመጨረሻ ግዢ ነው የምጽፈው፤ እናንተ በዕለቱ ዋጋ አስሉት። ፖሊስተር ሬዚን ኪሎው 700፣ ባለ 450 (ካሬ ሜትሩ 450 ግራም የሚመዝን) የፋይበር ምንጣፍ ኪሎው 850፣ ኢፖክሲ ከነሃርድነሩ (ከነማድረቂያው) ኪሎው 2,400 ብር። አንድ ካሬ ሜትር፣ ሦስት ሚሊ ውፍረት ለመሥራት ሦስት ድርብ ምንጣፍ፣ ማለትም 1.35 ኪሎ፣ ከ3.15 ኪሎ ሬዚን ጋር ይበቃል። 3,350 ብር ገደማ ነው። ያንኑ በኢፖክሲና በዱቄት ብትሠሩ 3.45 ኪሎ ኢፖክሲው 8,280፣ ዱቄቱ 483፤ ድምሩ 8,763 ብር። ዱቄቱማ ሲሰላ ርካሽ ነው! ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ከፍላችሁ ውስጡ አንድ ክር እንኳ የሌለበት ነገር ትይዛላችሁ። ዱቄት የፋይበርን ቦታ አይተካም። ፋይበሩ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ሸክሙን ይሸከማል፤ ቅርፊቱ ቢበዛ ሬዚኑን ያግዛል።

ፋይበር ግላስም ማጭበርበር አያጣውም። 450 ተብሎ 300 ይሸጣል፤ በዓይን አይለይም። ሃምሳ በሃምሳ ሴንቲ ቁረጡና መዝኑ። 112 ግራም ገደማ ከሆነ ትክክል ነው፤ 75 ከሆነ 300 ነው የሸጡላችሁ። ክረምት ላይ እርጥበት የነካው ጥቅል አትግዙ፤ ሬዚኑ አይገባበትም። ሬዚኑንም ጄሪካኑን አዘንብላችሁ እዩት። ዝልግልግ ማለት ከጀመረ አርጅቷል። ውሃ ውሃ ካለና ቲነር ቲነር ከሸተተ አቅጥነውታል። ይህን ምንጣፍ ከኢፖክሲ ጋር ለመጠቀም ያሰባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የምንጣፉን ክሮች የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ፈሳሽ ነው። ለኢፖክሲ የተሸመነውን ጨርቅ ግዙ።

ግራፊን የሚያዋጣው የት ነው? ፋብሪካ ውስጥ። ፎርድ በፈረንጆች 2018 ከሞተር ክዳን ሥር ባሉ ክፍሎች አረፋ ውስጥ ከግማሽ ከመቶ ያነሰ ግራፊን መጠቀም እንደሚጀምር አስታውቋል። በ2021 እንግሊዝ አገር አምስበሪ ላይ ግራፊን የገባበት የኮንክሪት ወለል ፈስሷል። ካዛንቺስ ሕንፃ የሚሠራ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «ለስላቡ ልግዛ?» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውሃ አታብዛበት፣ ሳምንቱን ሙሉ አጠጣው አልኩት። ለዚያ የሚወጣ ብር የለም።

የግድ ግራፊን ካላችሁ፣ አምራቹ ራሱ ሬዚን ውስጥ በትኖ ያሸገውን ፈልጉ። የቅንጣቱን ውፍረትና ስፋት፣ የራማን ምርመራውንም (በሌዘር ብርሃን ንጣፉን የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው) የያዘ ወረቀት ጠይቁ። ደረቅ ዱቄት ከቀረበላችሁ ግን ሁለት ግራም ናሙና ብቻ ውሰዱ። ዘንግ አውጡበት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከባዶው ጎን ባልዲ ስቀሉበት። ናሙና አልሰጥም ካለ ላስቲኳን እዚያው ትታችሁለት ውጡ።