ከካሜራው ይልቅ ስጦታው የሚበዛበት ጥቅል፦ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ

ካሜራ፣ ሌንስ፣ ሁለት ተጨማሪ «ሌንስ»፣ ትራይፖድ፣ ፍላሽ፣ ሦስት ፊልተር፣ ሜሞሪ ካርድ፣ ቦርሳ፤ ሁሉም ባንድ ዋጋ። ተደርድሮ ሲታይ ያጓጓል። ሻጩ ለኮተቱ የሚያወጣው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ትርፉን የሚያገኘው ከቦዲው (ሌንስ ከሌለበት የካሜራው አካል) እና ከዋናው ሌንስ ቀንሶ ነው። ስለዚህ ስጦታውን ትታችሁ መጀመሪያ ዋናውን ዕቃ መርምሩ።

ከሌንሱ እንጀምር። «ካኖን 18-55» ሲባል አንድ ሌንስ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ) ያለውም የሌለውም አለ። ጎኑን አዙራችሁ እዩት። ስታቢላይዘር ያለው ሁለት ማብሪያ አለው፤ አንዱ የፎከስ፣ ሌላው የስታቢላይዘር። የፎከሱ ብቻ ካለ ርካሹ ነው። የኒኮን ኤኤፍ-ፒ 18-55 ጎኑ ላይ ምንም ማብሪያ ስለሌለው ሌንሱ ላይ «ቪአር» (የኒኮን ስታቢላይዘር መጠሪያ) መጻፉን ፈልጉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ በ55 ሚሜ (ዙሙ እስከ መጨረሻ ሲቀርብ) ስታነሱ፣ ስታቢላይዘር ካለ መዝጊያው ለ1/15 ሰከንድ ተከፍቶ እንኳ የቆመ ነገር ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ከሌለ 1/125 ገደማ ያስፈልጋችኋል። ይህም አይኤስኦን (የካሜራውን የብርሃን ትብነት፤ ሲበዛ ፎቶውን ያሻክራል) ከ800 ወደ 6400 ይወስደዋል። (ለሚሮጥ ልጅ ስታቢላይዘሩም አያድንም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ቦዲው ላይም ማምታታት አለ። በ2018 የወጡት ካኖን 4000ዲ እና 2000ዲ ላላወቀ ሰው መንታ ይመስላሉ። 4000ዲ 18 ሜጋፒክስል ነው፤ ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው፤ ቪውፋይንደሩን (ዓይን ተጠግቶ የሚያይበትን መስኮት) ለዓይናችሁ የምታስተካክሉበት መዘውር እንኳ የለውም። 2000ዲ 24 ሜጋፒክስል ሲሆን ቀለበቱ ብረት ነው። ሪበል ቲ100 የተባለው ያው 4000ዲ፣ ሪበል ቲ7 ደግሞ ያው 2000ዲ ነው፤ ስሙ ስለተለየ ብቻ «የተሻለ ሞዴል ነው» ቢሏችሁ አትስሙ።

አሁን ወደ ሁለቱ «ተጨማሪ ሌንሶች» እንምጣ። እነዚህ ሌንስ አይደሉም፤ ከዋናው ሌንስ ፊት እንደ ፊልተር የሚጠመዘዙ መስታወቶች ናቸው። 0.43 እጥፍ የሚለው ቦታ ያሰፋል ይባላል፤ በ18 ሚሜ (ዙሙ በሰፊው ጫፍ ሲሆን) ስታነሱ ግን አራቱ ማዕዘኖች ይጠቁራሉ። ጥቁሩ እስኪጠፋ ዙም ስታደርጉ ሰፋ ያለው እይታ አብሮ ይጠባል፤ የምስሉ ጠርዝ ደግሞ ይደበዝዛል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ዳር ሐምራዊ መስመር ያወጣል። 2.2 እጥፍ የሚለው ያቀርባል ይባላል። ያለሱ አንስታችሁ ባለ 24 ሜጋፒክስሉን ፎቶ በዚያው መጠን ብትቆርጡት 5 ሜጋፒክስል ገደማ ይቀራችኋል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በመስታወቱ ከተነሳው ይጠራል። ሌላም ጣጣ አለ፦ በቆዩት የ18-55 ስሪቶች ፎከስ ሲደረግ የሌንሱ አፍ ራሱ ይዞራል። ከባድ መስታወት ፊቱ ላይ ሲንጠለጠል ትንሿ ሞተር ትጨነቃለች።

ሜሞሪ ካርዱን ደግሞ ሳትፈትኑ ለሥራ አትያዙት። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተብሎ ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ካርድ አለ። ካሜራው ላይ ፎርማት ስታደርጉት 64 ነኝ ይላል፣ ምክንያቱም የሚዋሸው ራሱ የካርዱ መቆጣጠሪያ ነው። 8ቱ ሲሞላ ፎቶ ማንሳቱ ይቀጥላል፤ ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት የፋይሉ ስም አለ፣ ፎቶው ግን የለም። ባዶውን ካርድ በዊንዶውስ ላይ «ኤች2ቴስትደብሊው»፣ በማክና በሊኑክስ ላይ «ኤፍ3» በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች እስከ ጫፉ አስሞሉት፤ የጻፉትን መልሰው አንብበው እውነተኛውን መጠን ይነግሯችኋል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 64 ካርድ ለመሙላት ብቻ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ስለሚችል ሻጩ ፊት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ሥሩት።

ባትሪው ላይ ቁጥሩን አንብቡ። የካኖን ኤልፒ-ኢ10 ኦሪጅናሉ 860 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ የኒኮን ኢኤን-ኢኤል14ኤ 1230 ነው። በዚያው ግዝፈት ባለ ባትሪ ላይ 2000 ምናምን የተጻፈበት ካያችሁ ቁጥሩ የማስታወቂያ ነው። አንዳንድ ሻጭ ኦሪጅናል ባትሪውንና ቻርጀሩን ከካርቶኑ አውጥቶ ለብቻ ይሸጥና በምትኩ ስም የለሽ ያስገባል። በመመሪያ መጽሐፉ መጀመሪያ ገጾች ላይ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ዕቃ ተዘርዝሯል፤ አንድ በአንድ አመሳክሩ። የቦዲው መለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከዋስትና ወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ዋስትናውም የሻጩ ይሁን የአምራቹ፣ የት አገር እንደሚሠራም ጠይቁ።

ትራይፖዱና ቦርሳው ላይ ጊዜ አታጥፉ። ርካሹን ፊልተር ደግሞ ማታ ፈጽሞ አትጠቀሙበት፤ የመብራቱ ነጸብራቅ ፎቶው ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይመጣል።

ሻጩን የቦዲውንና ስታቢላይዘር ያለውን ሌንስ ዋጋ ለብቻ ንገረኝ በሉት። በሚተርፈው ገንዘብ 50 ሚሜ ኤፍ/1.8 የሚባለውን ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ብትጨምሩ ከጠቅላላው ኮተት ይበልጣል። እንደ ዲ3500 ያለ ኒኮን ከያዛችሁ ግን በስሙ መጨረሻ «ጂ» ያለበትን፣ የፎከስ ሞተር ውስጡ ያለውን ኤኤፍ-ኤስ ግዙ፤ «ዲ» የሚለው ርካሹ ሞተር ስለሌለው እዚያ ቦዲ ላይ ፎከሱን በእጃችሁ ነው የምታዞሩት።