ዋና የተከለከለበት የፕሊትቪትሴ ሐይቆች ፓርክ

ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ክሮኤሺያ የሚገኘውን የፕሊትቪትሴ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኝተናል። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት በማስታወቂያው ላይ ፏፏቴ ሥር የሚዋኙ ሰዎችን ፎቶግራፍ አውጥቶ ስለነበር ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን ይዘው ነው የመጡት። ፎቶግራፉ ክርካ ከሚባለው ሌላ ፓርክ የተነሣ ይመስለኛል፤ እዚያም ቢሆን በትልቁ ፏፏቴ አጠገብ መዋኘት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። በፕሊትቪትሴ ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ክልክል ነው። ድርጅቱ ይህን አስቀድሞ አለመንገሩ አሳዝኖኛል፤ ክልከላውን ግን ከልቤ እደግፋለሁ።

16ቱን ሐይቆች የሚለያዩት ግድቦች የሰው እጅ ሥራ አይደሉም። ውሃው ከኖራ ድንጋይ ተራሮች አሟሙቶ ያመጣውን ማዕድን፣ ቁልቁል ሲወረወር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣለት፣ በአልጌና በጥቃቅን አረንጓዴ ዕፅዋት ላይ ያስቀምጠዋል። ድሬዳዋ ሻይ ያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያስታውሳል፤ ነገሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሆኖም ይህኛው ቅርፊት በሕያው ዕፅዋት ላይ የሚያድግና በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሚጨምር በመሆኑ፣ በአንድ ቀን የተረገጠው ለመተካት ዓመታት ይፈልጋል። ከመተላለፊያው ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ የዛፍ ግንድ ከነቅርንጫፎቹ ነጭ ድንጋይ ለብሶ ተኝቶ ነበር። ታናሿ ልጄ ልትነካው እጇን ስትዘረጋ ምክንያቱን ነገርኳት፤ እጇን ሰበሰበች።

አገልግሎቱን በተመለከተ ከሁሉ የወደድኩት ከውሃው ከፍ ብሎ የተሠራውን የእንጨት መተላለፊያ ነው፤ ውሃው በሥሩ እንደልቡ ያልፋል፣ እግራችንም ግድቡን አይነካም። ቲኬቱ የመግቢያ ሰዓት ያለው ስለሆነ አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ይሻላል፤ በኮዝያክ ሐይቅ ላይ የሚያሻግረው የኤሌክትሪክ ጀልባም በዋጋው ውስጥ ነው። መተላለፊያው በብዙ ቦታ መደገፊያ ስለሌለው ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ረፋድ ላይ 78 ሜትር ከፍታ ባለው ታላቁ ፏፏቴ አካባቢ ሰው በጣም ስለሚበዛ፣ እኛ እንዳደረግነው ማለዳ መግባትን እመክራለሁ። ቀትር ላይ አንድ ጎብኚ ለፎቶግራፍ ብሎ ከመተላለፊያው ወርዶ ግድቡ ላይ ሲቆም ማየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

የዋና ልብሱም ሳይለበስ አልቀረም፤ በማግስቱ ከፓርኩ ውጭ፣ ስሉኝ ከተማ አጠገብ፣ ኮራና ወንዝ ላይ ለዋና በተፈቀደው ቦታ ልጆቹ እስኪበርዳቸው ዋኙ።