ስምንት ወር ከባለ ቀለበቱ የሽቦ መቀጠያ ጋር

ሰኔ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ «የግራ የፍሬን መብራትዎ አይሠራም» ሲለኝ አላመንኩትም። በገዛ እጄ የቀጠልኩት ነዋ! ወርጄ አየሁት፤ ጭል ጭል ይላል።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። አይጥ ከመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ገብታ ወደ ግራው መብራት የሚሄዱትን አራት ሽቦዎች ቀረጣጠፈቻቸው። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ሁለት አዲስ ሽቦ ልጦ አገናኘ፤ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ አለበሰውና ላይተር አስጠጋ። ቱቦው ተኮማተረ፣ መሐሉ ያለችው የብር መልክ ያላት ቀለበት ቀለጠች። «ጋሼ፣ ይህንን ሕፃን ልጅም ይሠራዋል» አለኝ። እኔም ሕፃን ሆኜ አንድ ሳጥን ሙሉ ገዛሁ፤ አራቱንም ሽቦ በእሱ ቀጠልኩ።

ከትራፊኩ በኋላ ልጄ ፍሬኑን ረግጣልኝ ለካሁ። ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት፣ አምፖሉ ዘንድ 9.8። ባለ 21 ዋት አምፖል ከሁለት ቮልት ተኩል በላይ መንገድ ላይ ሲቀርበት እንዴት ይብራ? ቱቦውን በምላጭ ሰነጠቅሁት። የቀለጠችው ቀለበት እንደ ጤዛ ጠብታ መዳቡ ላይ ተቀምጣለች እንጂ ክሮቹ መሐል አልገባችም። በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው ሽቦው ሰይፍ ከሰገባው እንደሚወጣ ሰተት ብሎ ወጣ።

ሻጩ ልጅ «እርስዎ ነዎት በደንብ ያላሞቁት» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይሁን። ግን ሕፃን ልጅ ይሠራዋል ያልከው አንተ አይደለህም? ቀለበቷ ብዙውን ጊዜ የቆርቆሮና የቢስመት ቅይጥ ናት፤ 138 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ትቀልጣለች። ብየዳ የሚይዘው ግን መዳቡ ራሱ ሲግል ነው። ረጅም ሽቦ ሙቀቱን ጎትቶ ይወስደዋል፤ ቱቦው ግን ቀድሞ ይኮማተራል፣ ቀለበቷም ከላይ ትቀልጣለች፣ ለሚያየው ሰው ሥራው ያለቀ ይመስላል። እሳቱን ላቆየው ካሉ ፕላስቲኩ ይከስላል። የአሮጌ መኪና መዳብ ደግሞ ጠቁሯል፤ ጥቁር መዳብ ቆርቆሮ አይቀበልም። አንተ ያሳየኸኝ በስንዝር አዲስ ሽቦ ላይ ነው!

ከአራቱ ሁለቱ እንዲህ ሆኑ። ሁለቱ ደህና ነበሩ፤ ሳልቀድዳቸው ግን የትኞቹ ደህና እንደሆኑ መለየት አልቻልኩም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ኮፈኑ ሥር አንድ መካኒክ ከስድስት ዓመት በፊት የክላክሱን ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ ጠቅልሎበታል። ሙጫው ቀልጦ ጥቁር ማር መስሏል፤ አልመክረውም። ክላክሱ ግን ዛሬም ይጮኻል፣ በጮኸ ቁጥርም የሚስቀው በእኔ ነው።

አራቱንም ቆርጬ በቀዩ ተጨማቂ መቀጠያ ቀጠልኳቸው፤ ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ለሆነ ሽቦ የሚሆነው ነው። መጭመቂያው ፒንሳ ጨምቆ ሳይጨርስ አፉን አይከፍትም። እያንዳንዱን በሙሉ ጉልበቴ ጎትቼ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ የለም።

ሳጥኑን አልጣልኩትም። ቱቦው ጫፍና ጫፉ ላይ ሙጫ ስላለው ውኃ አያስገባም፤ ስለዚህ ቀለበቷን በካካቢቴ እየገፋሁ አወጣና ቱቦውን ብቻ እጠቀማለሁ። ያለ ቀለበት የሚሸጥልኝ ካለ አሁንም እገዛለሁ፤ በሩብ ዋጋ።