ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ለኮምቦልቻው ጋሼ አሳዩ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። እኔና ወንድሜ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቤተሰባችንን ከትልቅ ኪሳራ፣ ምናልባትም ከአደጋ አትርፈውታል። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ አላወጣሁም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ነው የማቀርበው።

ደሴ ውስጥ በደላላ በኩል አንዲት ቪትዝ አገኘን። ቀለሟ ያብረቀርቃል። ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። የፊት መስታወቷ ላይ የዘንድሮ ቦሎ፣ ማለትም ዓመታዊ ምርመራ ማለፏን የሚያሳየው ወረቀት፣ ተለጥፏል። ደላላውም ሻጩም የሚሉት አንድ ነው፤ «ቦሎ አላት፣ ምርመራ አልፋለች፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ቦሎ የሚነግርሽ በዚያን ቀን ፍሬኗ መያዙን፣ መብራቷ መሥራቱን፣ መሪዋ ደህና መሆኑን ነው። ከዚያ በፊት ተጋጭታ እንደሆነ አይነግርሽም።»

እንግሊዝ አገር ያለ ሰው የሚገዛውን መኪና ታርጋ መንግሥት ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ያስገባና እንደ ፈረንጆቹ ከ2005 ወዲህ ያለውን የምርመራ ታሪክ በነፃ ያያል። መቼ እንዳለፈች፣ መቼ እንደወደቀች፣ በምን እንደወደቀች፣ ያኔ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነበራት ሁሉም ይወጣል። እኛ ጋ ግን ወረቀቱን ከሻጩ እጅ ለቅሞ፣ ብረቱንም አገላብጦ አይቶ ታሪኳን የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ገበያው ላይ ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ናቸው። ስለዚህ ያለፈ ታሪካቸውን ማወቅ ግድ ነው።

ጋሼ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከወረቀት ነው። ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) ይዘው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳከሩ። እሱ ልክ ነበር። ቀጥለው ሻጩን የቆዩ የምርመራና የመድን ወረቀቶች ካሉት እንዲያመጣ ጠየቁት። ያመጣውን በዓመት ቅደም ተከተል ኮፈኗ ላይ ደረደሩት። መሃል ላይ የአንድ ዓመት ወረቀት የለም።

«በዚህ ዓመት መኪናዋ የት ነበረች?»

«ቆማ ነበር ጋሼ።»

«ለምን ቆመች?»

ሻጩ መልስ አልነበረውም። ጋሼም አልተጫኑትም። ከኪሳቸው በስስ ጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡና ከኋላ ጀምረው በቀለሙ ላይ እያስጠጉ መጡ። በሮቹ ላይ ጥብቅ ትላለች። በሹፌሩ በኩል ያለው የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ላይ ሲደርሱ ግን አልይዝ አለች፤ ተንሸራታ እጃቸው ላይ ወደቀች። ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን የተመታ ቦታ የሚሞላበት ስቱኮ ነው። ኮፈኑን ከፍተው የፓራፋንጎው ቡሎኖች ላይ የቁልፍ ጭረት አሳዩን። የሹፌሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስበው ከሥሩ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አስነበቡኝ። የተሠራበት ዓመት ከሌሎቹ ቀበቶዎች ይለያል፤ ተቀይሯል ማለት ነው። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ መብራቷ በርታ መጥፋት ነበረባት። ጭራሽ አልበራችም። በመጨረሻ በክሪክ አንስተው ሥሯ ገቡ። ከፊት በኩል ሻንሲዋ ላይ በቀለም የተሸፈነ ብየዳ አገኙ።

እዚህ ላይ ደላላው ጋሼን ወደ ጎን ጠርቶ ማነጋገር ጀመረ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ጋሼ ግን ተመልሰው እሱ ፊት፣ «ልጄ፣ ይህችን አትግዢ። ከፊት በደንብ ተመትታለች፣ ኤርባጓም አልተመለሰም። ቤተሰብ አይጫንባትም» አሉኝ። የሚያስከፍሉት ብትገዙም ባትገዙም ያው ነው። ከደላላ ኮሚሽን አይቀበሉም። ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው በዚህ ነው።

ተስፋ ቆርጬ ስነሳ «አብሽሪ፣ መኪና አይጠፋም» አሉኝ። እውነትም አልጠፋም። አንድ መምህር የሚሸጧት ኮሮላ አገኘን። ቀለሟ የደበዘዘ፣ በሯ ላይ ጭረት ያለባት ናት። ወረቀቷ ግን በፌስታል ተጠቅልሎ ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ ተቀምጧል። ዘይት የተቀየረባቸው ካርዶችም አብረው አሉ። ጋሼ የካርዶቹን ኪሎ ሜትር በቅደም ተከተል አዩ። ከዚያ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ በጣታቸው ዳሰሱ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ የፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ካለቀ ቆጣሪው ተነክቷል ማለት ነው አሉን። የዚህችኛዋ ተመጣጣኝ ነው።

ሞተሯን ያስነሱት ጠዋት፣ እንደቀዘቀዘች ነው። ባለቤቱ ቀድመው እንዳያሞቋት ከማታው ነግረዋቸው ነበር። ነጭ ጭስ ካላቋረጠ የጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ችግር ሊሆን ይችላል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው።

ከዚያ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ወዳለው የሐረጎ ዳገት ወሰዱን። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አላቸው፤ መንገዱም ጥምዝምዝ ነው። ስንወርድ ጋሼ ሬዲዮውን አጥፍተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ትስብ እንደሆነ፣ ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸት እንደሆነ ይከታተላሉ። ስንወጣ ደግሞ ዓይናቸው ከሙቀት ቆጣሪው አይነቀልም። ወንድሜን በኋላ መስታወት ጭሱን እንዲያይ አዘዙት። ደሴ ስንደርስ ቆጣሪው ከቦታው አልተነቃነቀም።

የፊት ፍሬን ሸራዋ ሳስቷል፤ አንዱ አሞርዛተሯ ዘይት ያፈሳል። ሁለቱንም በወረቀት ጽፈው ሰጡን። መምህሩ አላንገራገሩም፤ ከዋጋው ቀነሱልን። ገዛናት። ክረምቱን በጉም ውስጥ ሐረጎን ስመላለስባት ልቤ ሙሉ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ የሚያዩት መኪናውን ነው። ዕዳና እግድ መኖር አለመኖሩን የመኪናዋ ፋይል ያለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የአዲስ አበባ ታርጋ ከሆነች ፋይሏ ያለው እዚያ ነው። ይህ ሳይጣራ ቀብድ አትስጡ።

ለማሳያ የሚከፈለውን ብር የሚሳሱለት ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ አትሳሱ። ለመኪናዋ ከምታወጡት አንጻር ምንም አይደለም።

ጋሼ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጆቼን ጭኜ ስሄድ ሁሌም አመሰግንዎታለሁ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቀጠሮ የሚይዙት ለጠዋት ነው። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ሥራ አይቀበሉም። መኪናዋን ሞተሯ ሳይሞቅ፣ ቆየት ካሉ ወረቀቶቿ ጋር አቅርቡላቸው።