ክፍል ሁለት ልትገዙ ነው? «ካቺንግ ፋየር»፣ «ኢንሰርጀንት» ወይስ «ስኮርች ትራያልስ»

«ሀንገር ጌምስ»ን፣ «ዳይቨርጀንት»ን ወይም «ሜዝ ረነር»ን የጨረሰ አንባቢ ወዲያው ክፍል ሁለት ያምረዋል። ሦስቱም ተከታታዮች ስለ ጨቋኝ የወደፊት ዓለም ናቸው፤ ሦስቱም ለወጣቶች ተጽፈው አዋቂውም የሚሻማባቸው ናቸው። ክፍል ሁለታቸው ግን እኩል አይደለም።

እኔ ክፍል ሁለት ስገመግም አንድ ነገር ነው የማየው። ባለታሪኩ በመጀመሪያው መጽሐፍ የሠራው ሥራ እዚህ ዋጋ ያስከፍለዋል ወይ? ካላስከፈለው ደራሲው ያንኑ ታሪክ ቀለም ቀብቶ ድጋሚ እየሸጠልን ነው።

በዚህ መለኪያ የሱዛን ኮሊንስ «ካቺንግ ፋየር» (የ«ሀንገር ጌምስ» ክፍል ሁለት) ሌሎቹን በሩቁ ይመራል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ 400 ገጽ አካባቢ ይሆናል። በክፍል አንድ ባለታሪኳ ካትኒስ በመርዛማ ፍሬ ካፒቶልን (አገሪቱን የሚገዛውን ዋና ከተማ) አስጨንቃ፣ እሷም አብሯት የተወዳደረው ፒታም ልጆች እስከ ሞት ከሚፋለሙበት አረና በሕይወት ወጥተዋል። አሁን ሂሳብ የሚከፈልበት ጊዜ ደረሰ። ፕሬዝዳንት ስኖው ራሱ ቤቷ ድረስ ይመጣል። ደረቱ ላይ ጽጌረዳ ሰክቷል፤ ትንፋሹ ደም ደም ይሸታል። አይጮህም፣ አይሳደብም። ያቺ የፍሬ ጉዳይ በየዲስትሪክቱ (ካፒቶል በሚገዛቸው ክልሎች) እንደ ዓመፅ መታየቷን ረጋ ብሎ ይነግራትና፣ በፍቅር ያበደች ልጅ መሆኗን እንድታሳምን ያዛታል። ከዚያ ውይይት በኋላ መጽሐፉን ማስቀመጥ ይከብዳል።

አሸናፊዎቹ በየዲስትሪክቱ በሚዞሩበት የድል ጉዞ ላይ ዲስትሪክት 11 ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ነው። ካትኒስ በጨዋታው ስለሞተችው ስለ ትንሿ ሩ ትናገራለች። አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሀል የሩን ዜማ ያፏጫል። ሕዝቡ ሦስት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አስነክቶ ወደ እሷ ይዘረጋል። ከደቂቃዎች በኋላ ወታደሮቹ ያንን ሽማግሌ አንበርክከው በጥይት ጭንቅላቱን ሲመቱት ታያለች። ምስጋና ብላ የተናገረችው ሰው አስገደለ። ደራሲዋ እዚህ ላይ ምንም አትሰብክም፤ አሳይታ ታልፋለች።

ካትኒስ እንደገና ወደ አረና ስትገባ «ደግሞ አረና? ያየነው አይደል?» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ውሃ የሚያነሳ አይመስለኝም። በዚህኛው ውድድር የሚገቡት የቀድሞ አሸናፊዎች ናቸው፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ ብዙዎቹ አዋቂዎች፣ የ80 ዓመት አሮጊት ሳይቀሩ። አረናውም እንደ ሰዓት ነው የተሠራው፤ በየሰዓቱ ከአንዱ ክፍል አንድ መዓት ይወርዳል። እኔን ቅር ያለኝ መጨረሻው ነው። ትልቁን ምስጢር ካትኒስ ራሷ አትደርስበትም፤ ሌሎች ናቸው የሚያስረዷት። ትንሽ የተጣደፈ ነው።

የቬሮኒካ ሮት «ኢንሰርጀንት» (የ«ዳይቨርጀንት» ክፍል ሁለት) የወጣው በ2012 ሲሆን ከ500 ገጽ በላይ ነው። ከባዱ ነገር ጥሩ ተሠርቶበታል። ባለታሪኳ ትሪስ በመጀመሪያው መጽሐፍ ጓደኛዋን ዊልን ተኩሳ ገድላለች፤ እሱ በሰው ቁጥጥር ሥር ሆኖ ሊገድላት ሲል። አሁን ሽጉጥ ስትይዝ እጇ አይታዘዛትም። የዊል ፍቅረኛ ደግሞ የራሷ የቅርብ ጓደኛ ናት። እውነት የሚያናግር መድኃኒት ተወግታ በሰው ፊት የተናዘዘችበት ምዕራፍ ብቻውን መጽሐፉን ያስገዛል።

የቀረው ግን መሮጥ ነው። ከተማዋ ከተከፈለችባቸው ቡድኖች ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ተመልሶ፣ ከዚያ ደግሞ። ትሪስ ከፍቅረኛዋ ከቶቢያስ ጋር የምታደርገው ጭቅጭቅም ያሰለቻል፤ «ለምን አልነገርሽኝም» «አንተስ ለምን አልነገርከኝም»። 100 ገጽ ቢቀነስለት ማንም አያለቅስም ነበር። (የሰላም ወዳዶቹ ቡድን አባላት ዳቦ ውስጥ ማረጋጊያ መድኃኒት የሚጨምሩበት ክፍል ግን እንዳይቀነስ፤ ያስቃል።)

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ኢንሰርጀንት» የመጀመሪያው ካቆመበት ነው የሚነሳው፤ የሚያስታውስ ማጠቃለያ የለውም። «ዳይቨርጀንት»ን ካነበባችሁ ዓመት ካለፈ ስሞቹ ይምታቱባችኋል። «ካቺንግ ፋየር» ግን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያለፈውን እያስታወሰ ነው የሚሄድ። ለታዳጊ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ትሪስ በሐዘን መሞትን የምትመኝበት፣ ወጣቶች ከፎቅ እንዲዘሉ የሚደረጉበት ክፍል እንዳለ እወቁት።

የጄምስ ዳሽነር «ስኮርች ትራያልስ» (የ«ሜዝ ረነር» ክፍል ሁለት፣ 2010) ለማንበብ ለሚሰንፍ ልጅ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱ ልብ ሰቅሎ ነው የሚያቆመው። ባለታሪኩ ቶማስና ጓደኞቹ በፀሐይ የተቃጠለ በረሃ በሁለት ሳምንት ማቋረጥ አለባቸው፤ በመንገድ ላይ በበሽታ ያበዱ ሰዎች አሉ። ጨለማ ዋሻ ውስጥ የሰው ጭንቅላት ላይ የሚጣበቅ የብረት ፈሳሽም አለ፤ ማታ አታንብቡት። ችግሩ፣ ቶማስ ላይ የሚደርሰው ሁሉ «ፈተና ነው» እየተባለ ይታለፋል። ሁሉም ፈተና ከሆነ ለማን ልዘን? በእኔ መለኪያ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

«ፊልሙን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል» ለምትሉም፦ የ2013ቱ «ካቺንግ ፋየር» ለመጽሐፉ በጣም ታማኝ ነው። የ2015ቱ «ኢንሰርጀንት» ግን መጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ የሌለ ሳጥን ፈጥሮ ታሪኩን በእሱ ዙሪያ አዙሮታል፤ «ስኮርች ትራያልስ»ም ፊልሙ ላይ ብዙ ተቀይሯል። የ«ዳይቨርጀንት» የመጨረሻው ፊልም ደግሞ ከነአካቴው አልተሠራም፤ የትሪስን መጨረሻ የፈለገ ክፍል ሦስቱን መጽሐፍ «አሊጀንት»ን መያዝ ግድ ነው።

በጀቱ ለአንድ ብቻ ከሆነ «ካቺንግ ፋየር»ን ግዙ። «ኢንሰርጀንት»ን የሚገዛ «ዳይቨርጀንት»ን በቅርቡ ያነበበና ትሪስን የወደደ ሰው ይሁን። ትንሽ ከተረፋችሁ ደግሞ የ«ሀንገር ጌምስ» ክፍል ሦስት የሆነውን «ሞኪንግጄይ»ን አብራችሁ አንሱ፤ «ካቺንግ ፋየር» የሚያልቅበት ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርሱ እኩለ ሌሊት ይሆንና የሚከፈት መጽሐፍ ቤት አታገኙም።